ያላለቀው የአቶ ነገ መጋረጃ

ለምወድሽ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጀርባሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ከሌሊት ፈረቃ ወጣ ወይስ አሁንም ቀን ቀን ነው የሚተኛው? የትንሿስ የፊት ጥርስ በቀለ? እኛ ደህና ነን። እማማ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰውነቷ ተመልሷል፣ ምግብም በደንብ ትበላለች። የቀረው ድምጿ ብቻ ነው፤ እሱ እንደማይመለስ ደግሞ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮናል። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ሱቁ ይከፈታል፣ መጋረጃ ይሸጣል፣ ይዘጋል።

ባለፈው ስንደዋወል ትንሿ ከኋላሽ ተደብቃ "አያቴ ለምን አታናግረኝም? ተቆጥታኛለች?" ያለችውን እማማ ሰምታለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እጇን እያውለበለበች ቆየች። አንቺም በማግስቱ "ድሮ የተቀዳ ድምጿ ካለ ላክልኝ፣ ልጄ አያቷን ፈርታ እንዳታድግ" ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም አፌን ሞልቼ "ሞልቷል፣ ነገውኑ እልካለሁ" አልኩሽ። ይኸው እስከ ዛሬ ዘገየሁ፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

እማማ ደንበኛ ቤት ሄዳ መስኮት ስትለካ መጻፍ አትወድም ነበር። ልኩን ለስልኳ ትናገርና ለጸሐፊያችን ትልካለች፤ ጸሐፊዋም ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ በተከራየነው ማስቀመጫ፣ በየደንበኛው ፎልደር ታኖረዋለች። እኔ ደግሞ አንድ ደንብ አውጥቼ ነበር፦ መጋረጃው ተሰቅሎ ሥራው ካለቀ ዓመት የሞላው ፎልደር ይጥፋ። የማይሸጥ ዕቃ መደርደሪያ መያዝ የለበትም፤ ማስቀመጫውም በኪራይ ነው።

ጸሐፊዋ አግብታ ስትሄድ ቁልፉን ተቀበልኳትና አካውንቷን በዚያው ቀን አጠፋሁ። የዕለት ማስታወሻዬ ላይም "ጸሐፊዋ ተሸኘች፤ ሁሉም በሥርዓት ተዘጋ" ብዬ ጽፌያለሁ። የእማማን ድምፅ ፍለጋ ስገባ ግን ፎልደር የሚባል ነገር የለም። የሱቁን ኮምፒውተር የሚጠግንልንን ባለሙያ ጠራሁት። አየና ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ሁሉም የተቀመጠው እኮ በእሷ ስም ነው። ጸሐፊዋን ሲሸኙ መጋዘኑንም አብረው ሸኙት" አለኝ።

የጠፋ አካውንት ለተወሰነ ጊዜ ከነዕቃው ሊነሳ እንደሚችል፣ ጊዜው ካለፈ ግን ማንም እንደማይመልሰው፣ የእኛም ቀነ ገደብ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው ነገረኝ። እሱ ሲነካካ እኔ ከጀርባው ቆሜ አይ ነበር። አካውንቱ ተነሳ፣ ፎልደሮቹም ተመለሱ። የድሮዎቹ ግን የሉም፤ እነሱ በራሴው ደንብ ቀደም ብለው ጠፍተው ነበር። "እነሱንስ?" ብዬ ብጠይቀው "እነሱንማ ይርሷቸው" አለኝ። የተረፈው ያለፈው ዓመት ብቻ ነው። ከፍቼ ሰማሁት። ድምጿ ሻክሯል፣ በየቃሉ መሃል ትስላለች። እሷ "ብርድ ነው" ስትል እኛም "ብርድ ነው" ያልንበት ጊዜ ነው። ይህን ለልጅ መላክ አልሆነልኝም።

አቶ ነገ የምንለው ደንበኛ አለ፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የመጣ ነው። መስኮቱን አስለክቶ "ቀለሙን ነገ እመርጣለሁ" ማለት ከጀመረ ዓመታት አለፉ። በራፍ ላይ ሲታይ ሠራተኞቹ "ነገ ዛሬ መጣ" ይባባላሉ። ስንት ጊዜ ፋይሉን ዝጉት ብያለሁ። "ተወው፣ ሰው መስኮቱን ሳያስብበት አይሸፍንም" እያለች ያስቀረችው እማማ ናት። ሥራው ስላላለቀ ደንቤ አልነካውም። ከፈትኩት።

እታለም፣ ያ ማዶ መንገድ ድረስ የሚሰማው ድምጿ ነው። ልኩን ስትናገር ቆይታ፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ ሳትመጣ አትቀርም፣ "ነይ እስቲ የኔ ወለላ፣ አትፍሪኝ። የሜትሩን ጫፍ ያዢልኝ። እንዲህ ነው እንጂ! ያላንቺማ ይሄ መስኮት አይለካም ነበር" ትላታለች። ልጅቱም ስትስቅ ይሰማል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትዪኝ እንጂ፣ አሁን ሁሉንም በሱቁ ስም አዛውሬዋለሁ። ደንቡንም ለይቼዋለሁ፤ ደረሰኙ ጊዜው ሲደርስ ይሂድ፣ ድምፁ አይነካ። ቅጂው ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን ከፍቼ እሞክራለሁ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርምና። አንቺም የምልክልሽን ስልክሽ ላይ ብቻ አታስቀሪው።

ከመላኬ በፊት ለእማማ አሰማኋት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ድገመው ብላ በጣቷ አሳየችኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ወረቀቷን ሳብ አድርጋ "ይሄን ያህል ጯሂ ነበርኩ? ጎረቤት እንዴት ችሎኝ ኖረ?" ብላ ጻፈችና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቀች።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ እንቅልፉን አይቀንስ። አብረውሽ ላሉት አማትሽም እጅ ነስቻለሁ፤ ጉልበታቸውን እንዴት እንዳደረጋቸው ጻፊልኝ። ባለቤቴና ልጆቹ ሁላችሁንም ይስሟችኋል። ለትንሿ የምልከው ሰላምታ ግን የእኔ አይደለም። እማማ ከዚያው ወረቀት ግርጌ የጻፈችው ነው፤ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦ "ላክላት። ያዢልኝ የምላት እሷን ነው በላት።"

ወንድምሽ

ከሱቁ በላይ ካለው ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት፣ ጥር ፲፬ ቀን