«ይቅር በለን» ላይ የሚጠፋው ሞተር

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አሁንም እዚያው ቃል ላይ ጠፋ። ሦስት ጊዜ አስነሣሁት፣ ሦስቱንም እዚያው።

ነዳጅ ስሰጠው ደህና ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ውሃ እስኪያፈላው ድረስ ይጮኻል። የሚጠፋው ሚኒሞ ላይ ነው፣ ለቅቄው በዝግታ እንዲዞር ስተወው። ሙያ ያስተማሩኝ አለቃዬ «ሚኒሞ በሰዓት አይለካም» ይሉ ነበር። ሦስት አባታችን ሆይ ሳይጠፋ ከዞረ ጤነኛ ነው። ይሄ አንዱንም አይጨርስም። «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ስደርስ ሁለቴ ሳል ሳል ይልና ጸጥ።

ጸጥታውን አልወደድኩትም። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ በዚህ በኩል የቀረችው የእኛ ረድፍ ብቻ ናት። በጠራራ ፀሐይ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ።

የጀልባ ሞተር ስነካ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቱ ወርቁ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴት በአይሱዙ ጭኖ ነው ያመጣው። «ጋሼ፣ ካርቡራተር ካርቡራተር ነው፣ እርስዎ አያቅትዎትም» አለኝ። የሚስቱ ቀን ደርሷል። ደሴቱ ላይ ሐኪም የለም። ባለፈው ሳምንት ሸምበቆው ጋ ለመጠጋት ሲያቀዘቅዘው ጠፍቶበት፣ ነፋስ እየነዳው ግማሽ ቀን ውሃ ላይ ውሏል። «እሷን ጭኜ እንደዚያ ከሆነብኝስ?» አለ።

መልሱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ካርቡራተሩን ፈታሁት። ከሥሩ ውሃ። ቀጭኗ የሚኒሞ ቀዳዳ ነጭ ዝገት ይዟታል። ነዳጅ ሲሰጠው ትልቁ ቀዳዳ ውሃውን ጠራርጎ ያልፋል፤ ሚኒሞ ላይ ግን ትንሿ ትታነቃለች። ደስ አለኝ። ምክንያት ያለው ነገር አያስፈራም።

«አንተ፣ ሐይቁን ነው እንዴ የቀዳህበት?» አልኩት።

ወርቁ አንገቱን ደፋ። በጥምቀት ዕለት ጀልባውን ካስባረከ በኋላ የተረፈውን ጠበል ታንኩ ውስጥ ጨምሮታል! «ማለቴ... ውስጡም ይባረክ ብዬ ነው ጋሼ። ትንሽ ነው፣ አንድ ብርጭቆ።»

ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። «ልጄ፣ ሞተር ላዩን ይረጫል እንጂ አይጠጣም» አልኩት።

ታንኩን አጠብኩ፣ ቀዳዳዋን በኮምፕሬሰር ነፋሁ፣ ካንዴላ ቀየርኩ። ቤንዚን ግን የለኝም፤ ማደያ በጄሪካን አይሰጥም። ግቢ ውስጥ ካለችው ከራሴ መኪና ቀዳሁ። ሽታው ደከም ብሏል፤ ለሙከራ ይበቃል ብዬ ነው። ሸራዋን ከገለጥኩ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ባለቤቴ ሙሉ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር በኩል ያለውን መስታወት አላየሁም። ሆን ብዬ።

ጓርኒሲዮኑን፣ የካርቡራተሩን መጋጠሚያ ወረቀት፣ በማስቲሽ ስላጣበቅኩት እንዲደርቅ ለነገ አሳደርኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ማርያም ናት። ቀኗን ሠርቼባት አላውቅም። አስቀድሼ መጣሁ፣ ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ። የነፍሰ ጡር ነገር ነው፣ እመቤቴ ታውቃለች አልኩ። ወይስ ለራሴ ነው የቸኮልኩት? እንጃ።

ወርቁ ገመዱን ሳበ። በአንዴ ተነሣ። ሚኒሞ ላይ ለቀቅሁት፣ ጸሎቴን ጀመርኩ። ስምህ ይቀደስ። መንግሥትህ ትምጣ። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ። በደላችንን ይቅር በለን...

ሳል። ሳል። ጸጥ።

ከዚያ ጸጥታ ውስጥ የሴት ድምፅ፦ «ታደሰ፣ ጠፋብህ?»

እጄ ላይ ያለው ካቻቪቴ በርሜሉ ውስጥ ወደቀ።

እዚህ ልጻፈው፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት በኡራኤል ንግሥ ቀን ባለቤቴን ሙሉን ደረቷን ያዛት። መኪናዬ ያን ሰሞን ሚኒሞ ላይ መጥፋት ጀምራ ነበር። መካኒክ ነኝ፤ ነገ አየዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ እያልኩ ትቻታለሁ። ከታቦቱ አጃቢ ኋላ በዝግታ ስንሄድ ጠፋች። አስነሣሁ፣ ጠፋች። ባትሪው አለቀ። «ታደሰ፣ ጠፋብህ?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ሰዎች ተሸክመዋት ሮጡ፣ አልደረሱም።

የዛሬው ድምፅ የጎረቤቴ የዘይነባ ነበር። በግድግዳው ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ቆማለች። «ምነው እንዲህ ነጣህ? ጂን አየህ እንዴ?» አለች።

ወርቁ ስለ ጠበሉ ሲነግራት ሳቋ ቀደማት፣ ከዚያ ድንገት ተወችው። ወደ መኪናዬ አየች።

«ሙሉም እኮ ታደርገው ነበር» አለች።

«ምን?»

«በየዓመቱ በጥምቀት ማግስት፣ አንተ ሳትኖር፣ መንገድ ላይ እንዲጠብቅህ ብላ የመኪናህን ታንክ ከፍታ ጠበል ታፈስበት ነበር። ብዙ አይደለም፣ በስኒ። የዚያን ዓመት ግን 'ዘንድሮ ዓይኑ ደክሟል፣ ጨመር አድርጌለታለሁ' አለችኝ። ለታደሰ አትንገሪ፣ ይቆጣል ብላ አስምላኛለች።»

በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ገና አልረጋም ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሳይነጋጋ ተነሥቼ ከመኪናዋ ታንክ ሥር የቀረውን በነጭ ጠርሙስ ቀዳሁ። ቤንዚኑ ከላይ ቢጫ፣ ከሥር ሁለት ጣት የሚሆን ጥርት ያለ ውሃ። ማየት የምፈልገው ይሄንን ነበር? ወይስ እንዳላየው?

የማውቀው፦
ሦስት ዓመት የቆመ ታንክ ራሱ ውሃ ያልበዋል። ማስረጃ አይሆንም።
ጠበሉ ከሆነ፣ የፈራችልኝ ፍርሃት ነው መንገድ ላይ ያስቀረን።
ጠበሉም ቢሆን እኔ በአንድ ሰዓት አጥቤ ማውጣት እችል ነበር። አላደረግሁም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ብቻዬን ተሸክሜ ነበር። አሁን እሷ ከጎኔ መጥታ በአንድ በኩል የያዘችልኝ መሰለኝ። ቀለለኝ ማለት ያሳፍራል። ግን ቀለለኝ።

የዘይነባ ልጅ ከመኪናው ንጹሕ ቤንዚን ቀዳልን። ካርቡራተሩን እንደገና አጠብኩ። ወርቁ ሳበ። ለቀቅሁት። «ይቅር በለን» ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። አለፈው። ሦስቱንም አባታችን ሆይ ጨረሰ፣ አራተኛውን ዘይነባ ከግድግዳው ማዶ «ኧረ በቃው፣ አደነቆራችሁን!» እስክትል ቀጠልኩ።

ወርቁ ጭኖ ሄደ። እኔ ነጠላዬን ለብሼ በእግሬ ወደ ኡራኤል ወረድኩ። በዚህ ቀን በዚያ መንገድ ካለፍኩ ሦስት ዓመቴ ነው። መኪናዋ ያን ቀን የጠፋችበት ቦታ ላይ ልጆች ሎሚ ይሸጣሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ወርቁ ረፋድ ላይ ደወለ። ነፋሱ ከድምፁ ይበልጣል።

«ጋሼ፣ ውሃ ላይ ነን! እሷም አለች፣ ጀምሯታል!»

«ሞተሩስ?»

«አሁን ሸምበቆው ጋ ደረስን፣ ላቀዘቅዘው ነው። ስልኩን አይዝጉት።»

ጩኸቱ ወረደ። ሚኒሞ። ቀስ ያለ፣ እንደ ተኛ ሰው። ሴትዮዋ ታቃስታለች። ጆሮዬን አጣብቄ አባታችን ሆይ አልኩ። ስጠን ዛሬ። በደላችንን። ሳል አለ። አንዴ።

መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ፣ አይሠራም። ሞተሩ ይሁን ኔትወርኩ አላወቅሁም። ግቢው ውስጥ ቆሜ መኪናዋን አየኋት፣ በሙሉ ወንበር በኩል። ይህን ጊዜ አልሸሸሁም። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። «ሐኪም ቤት ነን። ሴት ናት። ስልኩ ሲቋረጥ ሳል ያለችው ሚስቴ ናት፣ ሞተሩ አልጠፋም።»

ጠርሙሱ አሁንም መስኮቱ ላይ ነው። ልደፋው ሁለቴ አነሣሁት፣ ሁለቴም መለስኩት። ጠበል ከሆነ አይደፋም። የታንክ ላብ ከሆነም፣ እሷ የተቀመጠችበት መኪና ላብ ነው። ክዳኑን አጥብቄ ከፎቶዋ ጎን አስቀመጥኩት።