የእርስዎን ቦታ ለሌላ ሰው ስንሰጥ

ውድ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልጅዎ በስልክ «ዓይኑ ሰው ይለያል፣ ፊደል ግን እምቢ ብሎታል» ስትለኝ ሆዴ ባባ። ይህንንም እሷ እንደምታነብልዎት ስለማውቅ፣ የሚያሳፍረንን የቢሮ ሐሜት ትቼዋለሁ።

ጋሼ፣ በእርስዎ ቦታ ሰው ቀጠርን። ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፦ «በዓለም አቀፍ ግንኙነት የፖሊሲ ትንተና ልምድ ያለው የፍሪላንስ ጸሐፊ እንፈልጋለን።» «ልምድ ያለው» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እርስዎ መጀመሪያ የመጡበት ቀን ትዝ አለኝ። ሊፍቱ ተበላሽቶ እስከ ላይ በእግርዎ ወጥተው፣ ባርኔጣዎን አውልቀው ራስዎን በመሐረብ እየጠረጉ ገቡ። ዳይሬክተራችን ኮስተር ብሎ «ልምድዎ ምንድን ነው?» ቢልዎ፣ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ለዲፕሎማቶች ሳስተረጉም የመጀመሪያውን እነሱ ላይ አየሁት፤ ሁለተኛውን ራሴ ላይ» አሉት። ሻዬን ልደፋ ምንም አልቀረኝም።

ቤትዎ ሆነው መጻፍ ሲችሉ ለምን በየቀኑ እንደሚመጡ ስጠይቅዎ፣ «ብቻዬን ስጽፍ ሁልጊዜ ልክ ነኝ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ» ብለውኝ ነበር። ወንበርዎን ወደ ጠረጴዛዬ ጎትተው ስንከራከር፣ ፎቶ ኮፒ ሊያነሳ የመጣው ሁሉ ሥራውን ረስቶ ያዳምጠን ነበር።

ሁለቱ ጎረቤታም አገሮች የድንበሩን ድልድይ የዘጉ ጊዜ እንዴት እረሳለሁ? እርስዎ በትንተናዎ ጥፋቱን ሁሉ በአንደኛው ላይ ይጫኑ ተባሉ። «ልጄ፣ መንግሥት ይቀየራል፤ ጎረቤት ግን ዕቃውን ሸክፎ አይሄድም» ብለው ሁለቱም የሚፈሩትን ጎን ለጎን ጻፉ። ያኔ የሰማዎ አልነበረም። በኋላ ድልድዩ ሲከፈት፣ «ብያችሁ ነበር» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። «እንግዲህ ዘመድ ከዘመድ ይገናኝ» ብለው ወደ ሥራዎ ተመለሱ።

አሁን ድልድዩ እንደገና ተዘግቷል። ተደራዳሪዎቹ ሊቀመጡ ስለሆነ የእኛን ትንተና እየጠበቁ ነው። ያመለከቱት ብዙ ናቸው፤ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ነገሩ ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በመጨረሻ አንዲት ሴት መጣች። ድንበር አካባቢ ለሬዲዮ ስትዘግብ የኖረች ናት። ለፈተና የጻፈችውን ዳይሬክተሩ አንብቦ፣ «መደምደሚያው ትንሽ ለስለስ ቢልስ?» አላት።

«ማለስለስ እችላለሁ» አለች፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «ግን ያኔ ስሜን ከጽሑፉ ላይ አንሱልኝ።»

በቃ፣ አለቀላት አልኩ። እሱ ግን በጣቱ ጠረጴዛውን አንኳኳና ወደ እኔ ዞረ።

«እንደገና እንደዚህ ካለ ሰው ጋር ልጨቃጨቅ ነው?»

«ቅር አለህ?»

«ኧረ ናፍቆኝ ነበር» አለ። እዚያው ውሉን አስፈረማት።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ሥራ የጀመረች ዕለት ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ኮቷን እርስዎ ይሰቅሉበት በነበረው መስቀያ ላይ ስትሰቅል ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ምንም አላጠፋችም፤ መስቀያው የቢሮው ነው። ግን ሰው ሲናፍቅ ለመስቀያም ይሳሳል። ያየችኝ መሰለኝ፤ ምሳ ላይ «እስቲ ስለ እሳቸው ንገሪኝ» አለችኝ። ሰዓታችን አልፎ ሁለታችንም አርፍደን ገባን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዣት እመጣለሁ፤ ለልጅዎ ነግሬያታለሁ። የትንተናውን ረቂቅ አዲሷ ጸሐፊ ታነባለች፣ እርስዎ ያዳምጣሉ። ያልተዋጠልዎት ቦታ ላይ ያስቁሟት፤ እንግዳ ናት ብለው እንዳይሳሱላት። እኔ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ ብዬ ቃል ልገባ ነበር፤ ግን ያውቁኛል።

እስከ ቅዳሜ ደህና ይሁኑልኝ።

ተከራካሪዎ፣ አርታኢዋ