የልሙጡ ጉንጭ ነገር

ሰኞ

«ልሙጥ!» አለችው። ሚስቴ አልማዝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ የሰው ኮት እጅጌ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ። ኮቱ የአዲሱ ትኬት ቆራጭ የጌታነህ ነው። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለምትሠራ ጨርቅ ካየች ሳትነካ አታልፍም፤ ይሁን። ግን ቃሉን ስታወጣ ዓይኗ ጉንጩ ላይ ነበር። የጌታነህ ጉንጭ የተላጠ እንቁላል ነው። ጢም በዚያ ሰፈር አልፎ አያውቅም።

እኔ የጣቢያው ዕቃ መዛኝ፣ ከሚስቴ እስከ ዛሬ የተቀበልኳቸው ማዕረጎች፦ ሻካራ። ኮርኳሪ። የባሕር ዛፍ ቅርፊት። አንዴ ደግሞ፣ ፍቅር ሲጠናባት፣ «የኔ ጆንያ»።

ማክሰኞ

ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ፍጥረትን ስመረምር ዋልኩ። ፈጣሪ ለበግ ፀጉር፣ ለዶሮ ላባ፣ ለዓሣ ቅርፊት ሰጠ። ለጌታነህ ምንም። ሰውየው ራቁት ፊት ይዞ በአደባባይ ይዞራል፤ አያፍርም። አህያ እንኳ ጆሮዋ በውስጥ በኩል ለስላሳ ነው። ነክቼ አረጋገጥኩ። ረገጠችኝ።

ረቡዕ

ጌታነህ ከድሬዳዋ መንደሪን አምጥቶላታል! «ልጣጩ እንዴት እንደሚለሰልስ እየው እስቲ» አለችኝ። ከነልጣጩ በላሁት፤ ለክብሬ ስል። ክብር መራራ ነው።

ሐሙስ

ወሰንኩ። ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄጄ «ጢሜን ይላጩልኝ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ቅማል ገባበት?»

«የቤት ጉዳይ ነው።»

«ይሄማ ምላጭ ሳይሆን ማጭድ ነው የሚፈልገው» ብለው ተነሡ።

ስወጣ ፊቴን ብርድ መታው። ቤት ስደርስ መስታወት አየሁ፦ ሽፍ ያለ፣ የቀላ፣ እዚህም እዚያም የተቧጠጠ። ላባው የተነጨ ዶሮ። አልማዝ የከሰዓት ፈረቃ ላይ ናት። ከመምጣቷ በፊት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ዓርብ

«ማነህ አንተ?»

«ባልሽ ነኝ።»

«የኔ ባልማ ሽፋን ነበረው!» ብላ መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች። ምን ነካህ አለችኝ።

«ጌታነህን ልሙጥ ብለሽዋል።»

«ወይ ጉድ! ኮቱን እኮ ነው! እኛ ፋብሪካ ልሙጥ ነቀፌታ ነው። ጨርቅ ታሽቶ ታሽቶ ፀጉሩ ሲረግፍ ልሙጥ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መቀደድ ነው። አዘንኩለት እንጂ፣ ምስኪን።»

ከዚያ ጉንጬን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችው፤ ልክ ጨርቅ እንደምትመረምር። «ይበቅላል» አለች። «ሻካራዬን መልስልኝ። ልሙጥ ጉንጭ ምን ያደርጋል፤ ያሙለጨልጫል።»

ደስታዬ ወሰን አጣ። ከጌታነህም ጋር ሻይ ጠጣሁ፤ እጅጌው በእርግጥም አልቋል፣ አሳዘነኝ።

ቅዳሜ

ቆይ። ቆይ እስቲ።

ልሙጥ ጉንጭ እንደሚያሙለጨልጭ በምን አወቀች?