በጠባኸው ጡት

ውድ ልጄ ጉታ፣

ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጻፍ ሲያስተምሩን «እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብላችሁ ጀምሩ ይሉን ነበር። እንደዚያ ብዬ ብጀምር ግማሹ ውሸት ይሆንብኛል። ቁስሉ ደርቋል። በኬሞው የረገፈው ፀጉሬ የሕፃን ፀጉር መስሎ እየበቀለ ነው። እበላለሁ፤ ቀስ እያልኩም እሰፋለሁ። ያልዳነው ሌላው ነው፣ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው። ስልክ ስደውል ታነሳና ድምፄን ስትሰማ ዝም ትላለህ። እኔም የምለው ይጠፋኝና «ሰበታ ብርዱ እንዴት ነው?» ብዬ እዘጋለሁ። ቡራዩ ያለች እናት ሰበታ ያለ ልጇን ስለ ብርድ ስትጠይቅ የሰማ ሰው ባሕር የተሻገርክ ይመስለዋል።

በአማርኛ መጻፌ አይግረምህ። በእኛ ጊዜ የተማርነው ይሄን ፊደል ነው። የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤውን፣ አንተ ልታስተምረኝ ሞክረህ፣ ስሜን ካስጻፍከኝ በኋላ «የአንቺስ እጅ ከመርፌ ሌላ አይለምድም» ብለህ ተውከኝ።

ያን ቀን የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ ግን አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም። ቤተልሄምን ላግባ ብለህ ኦቦ ቢቂላን ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ይዘህ መጣህ። እኔ እምቢ አልኩ። ፈት ናት፣ ልጅ አላት አልኩ። አባትህ ዲሪርሳ ከሞተ በኋላ በስፌት መኪና ያሳደግኩትን አንድ ልጄን በሌላ ሰው ልክ ለተሰፋ ቤት አልሰጥም አልኩ። ይህችን ንግግሬን ወድጃት ስለነበር ደጋግሜ ነው ያልኳት። ኦቦ ቢቂላ «ተይ ደጊቱ፣ ልብስም እኮ ይስተካከላል» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ፣ አልሳቅሁላቸውም።

ሽማግሌዎቹ ሲደክማቸው አንተ ለመሄድ ተነሳህ። እኔ ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩና ከቀሚሴ ውስጥ ግራ ጡቴን አወጣሁ። ነገሩ እንዲከብድ ብዬ በኦሮምኛ ነበር የተናገርኩት። የጠባኸው ጡት ይኸውልህ፣ ይህን ደፍ ካለፍክ በገዛ እጅህ እንደ ቆረጥከው ቁጠረው አልኩህ። ኦቦ ቢቂላ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። በእኛ ዘንድ እናት ጡቷን ይዛ ከለመነች ለጠብ የተነሳ ሰው እንኳ ይቀመጣል። አንተ ግን እንባህ እየወረደ፣ ጎንበስ ብለህ በክንዴ ስር አለፍክ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እንደማትሄድ እርግጠኛ ነበርኩ። እንደምትሄድ ባውቅ ኖሮ ከዚያ ቀለል ያለ ነገር እናገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰርግህን በፎቶ አየሁት። በቀጣዩ ዓመት ለራሴ ቀሚስ ስለካ እጄ ግራ ጡቴ ላይ አንድ ጠጣር ነገር ነካ። የሥራ ድካም ነው፣ ጅማት ነው እያልኩ ብዙ ወር አሳለፍኩ። አሁን ደንበኞቼን ሁሉ «እናንተ ሴቶች፣ እንደ እኔ አትሁኑ፣ ቶሎ ታዩ» እላለሁ፤ ልብስ ሊያሰፉ መጥተው ምክር ይዘው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ግን ለሰው መናገር አፍሬ ነበር። ዶክተሩ ውጤቱን የነገረኝ ቀን አክስትህ ወርቅቱ ከሱሉልታ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ምን አሉሽ ስትለኝ በሽታውን አልነገርኳትም። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ልጄ ቆረጠኝ» አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ወርቅቱን ታውቃታለህ፣ ወሬ ሆዷ ውስጥ አያድርላትም። ሳይመሽ ደውላ እናትህ እንዲህ አለች ብላ እንደነገረችህ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ደንግጬ ነው ብዬ ላመካኝ እችል ነበር። ግን ልጄ፣ ለጥቂት ጊዜ አምኜውም ነበር። በሽታ ፊት የለውም፣ ቢጣሉትም አይመልስም። አንተ ግን ፊት ነበረህ። ስናደድ የምናደደው በአንተ ነበር፣ በአንተ ስናደድ ደግሞ ፍርሃቱ ትንሽ ይቀልልኝ ነበር። በዚህ ነው ከሁሉ በላይ የምጸጸተው።

ቀዶ ጥገናው አለፈ። ከማደንዘዣው ስነቃ ደረቴ በፋሻ ታስሯል፣ ከጎኔ ደም የቀላቀለ ውኃ የሚወርድበት ቱቦ ወጥቷል። በእጄ ስዳስስ ግራ በኩል ሜዳ ነው። ማልቀስ ፈልጌ እንባ እምቢ አለኝ። አጠገቤ የተኙት ሴቶች ልጆቻቸው አጥሚት እያጠጧቸው፣ ትራስ እያስተካከሉላቸው ነበር። እኔ በሩን አያለሁ። ሲስተሯ «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ስትለኝ ማንንም አልኳት። ጨክኖብኛል አልኩ በልቤ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ጭካኔውን ከማን ሊማር ነው ብዬም ለራሴ መለስኩ።

ከሆስፒታል ወጥቼ ሱሉልታ ወርቅቱ ቤት ሳገግም ለጎረቤት የነገርኩት ሌላ ነው። ጡት ብዬ ማውራት ስላሳፈረኝ «ሀርማ» በማለት ፈንታ «ሀርካ» አልኳቸው፤ እጄን ነው የታመምኩት ማለቴ ነው። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ምን ይሆናል ብዬ። በሳምንቱ አንዷ ደግ ጎረቤት ወጌሻ ይዛልኝ መጣች! ከብብቴ ስር እጢ በቀዶ ጥገናው ስላወጡልኝ ያ እጅ አይታሽም፣ መርፌም አይወጋበትም ተብዬ እያለ፣ ሰውየው ቅቤውን አቅልጦ እጅጌውን ሰብስቧል። አልጋው ላይ ተንሸራትቼ ግድግዳ ስር ተሸጎጥኩ። ወርቅቱ ናት በመጨረሻ እውነቱን ተናግራ ያስጣለችኝ። ያኔ ወሬኛነቷን ይቅር አልኳት።

ቡራዩ ስመለስ ደግሞ ሱቄ ውስጥ ያለውን ትልቁን መስታወት በነጠላ ሸፈንኩት። ልብስ ሰፊ መስታወቷን ስትሸፍን አስበው፤ ደንበኛ ሁሉ ማን ሞተ ይላል። ለራሴ የጡት መያዣ ውስጥ ጥጥ ሞላሁበት፣ ቀልሎ ወደ አንገቴ ወጣ። ምስር ብጨምርበት ሚዛኑ ተስተካከለ፣ ግን ስራመድ ሽው ሽው ይላል። ብቻዬን እንዲህ ያለው ነገር ላይ ስስቅ ቆይቼ፣ ሳልጨርሰው ወደ ለቅሶ ይዞርብኝ ነበር። ክንዴ እንዲፍታታ ሐኪም እንዳዘዘኝ የግራ እጄን ጣቶች ግድግዳው ላይ እያስኬድኩ አወጣለሁ። ቀን በቀን ከፍ ይላል፣ ደግሞ ይወርዳል። ከምንም በላይ ግን ብቻዬን መታጠብ እፈራ ነበር፣ ማየቱን።

ሚስትህ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሱቁ በር ላይ ሕፃን አዝላ ቆመች። «ቤተልሄም እባላለሁ። የጉታ ሚስት ነኝ» አለች። ግቢ አላልኳትም። ሂጂም አላልኳትም። ትንሽ ቆማ ስታበቃ ራሷ ገባች፣ ሕፃኗን አውርዳ ጉልበቷ ላይ አደረገችና ጡት ሰጠቻት። ስሟን ማን አላችኋት ስላት ዱርሲቱ አለችኝ። የእናቴን ስም! ማን አወጣላት ብዬ አልጠየቅኩም፣ መልሱን አውቀዋለሁና። ያቺን ልጅ ሳያት በመጀመሪያ የመጣብኝ አያትነት አይደለም፣ ቁጭት ነው። አንድ ልጅ ተወልዳ፣ ታጥባ፣ ታዝላ እስክትመጣ ድረስ እኔ ደፍ ላይ እንደቆምኩ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ በማትገባበት ቀን ትመጣለች። አንድ ቀን ውኃ አሙቃ፣ ላጥብዎት አለችኝ። እኔ እሺ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ። ልብሴን ሳወልቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደንግጣ ይሆናል ብዬ ገልጬ አየኋት። ጠባሳውን ጎንበስ ብላ በደንብ እያየችው ነው።

«እማማ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው» አለች።

ከታመምኩ ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እኔም ዝቅ ብዬ አየሁት፣ እውነቷን ነው፣ ዶክተሩ እጁ ጥሩ ነው። ጀርባዬን ስታሽልኝ ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ።

«ጉታ አልጨከነብዎትም» አለች። «በቀዶ ጥገናው ቀን የሆስፒታሉ በር ላይ ነበር። እኔ የቆረጥኩትን በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብሎ ተመለሰ። አሁን ደግሞ እኔ ልጅቷን ሳጠባ ከቤት ይወጣል። ዝናብም ቢሆን ይወጣል።»

እኔ በሩን ሳይ አንተ ከበሩ ውጭ ቆመህ ነበር። ያቺ ሲስተር ማንን ነው የምትጠብቂው ስትለኝ ልጄን ብላት ኖሮ ወጥታ ትጠራህ ነበር። ልጄ፣ ስንቱን ቀን በከንቱ በላነው!

ቤተልሄም ልትረዳን ፈልጋ አንድ ሐሳብ አመጣች። «እርስዎን ሲጠባ ያደገው ቀኙን ብቻ ነው፣ የተቆረጠው ያልጠባው ነው ልበለው?» አለችኝ። ደግ ውሸት ነው፤ ትንሽም ቢሆን አጓጉቶኝ ነበር። ግን እውነቱ ይሄ ነው፣ አልደብቅህም። የጠባኸው ግራውን ነው። ቀኙን እየሰጠሁህ ትገፋው ነበር፣ ግራው ላይ ካልተጣበቅክ አትተኛም ነበር። በሩ ላይ ያወጣሁትም እሱን ነው፣ የተቆረጠውም እሱ ነው።

የቆረጠው ግን ዶክተሩ ነው። እሺ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ፣ መኖር ስለፈለግኩ። አንተ የቆረጥከው ነገር የለም። ጡቱ አንተን አጥብቶ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ አርፎ የተቀመጠውን አውጥቼ መያዣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ቢቂላን ጠርቼ በፊታቸው ይህንኑ ተናግሬያለሁ። ያልኩትን መልሻለሁ፣ ልጄ ነጻ ነው አልኩ። እሳቸውም መርቀው፣ የመጀመሪያው ቃልማ ያኔም መባል አልነበረበትም ብለው ቆጣ አሉኝ። ልክ ናቸው።

ስለ ሚስትህም አንድ ነገር ልበል። የሰው ልክ ብዬ የሰደብኩት ቤት በጥሩ እጅ የተሰፋ ነው። ትልቋን ልጇንም ይዛልኝ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፣ ለሁለቱም ቀሚስ ጀምሬያለሁ። እጄ ስለሚደክም ቶሎ አያልቅም እንጂ።

እንግዲህ ጉታ፣ አሁን አንተን የምይዝበት ምንም የለኝም። በጠባኸው ጡት አልልህም። በአባትህ አጥንትም አልልህም። ሕመሜንም ቆጥሬ አላስለቅስህም። በምንም ሳልይዝህ፣ ባዶ እጄን፣ ና ብቻ ነው የምልህ። ባትመጣ አልረግምህም፣ ያኔም ያው ልጄ ነህ።

አንድ ነገር ብቻ። ቤተልሄም ስታጠባ ከቤት አትውጣ። ቁጭ ብለህ እያት። አንተም እንደዚያ ነበርክ።

እናትህ ደጊቱ
ቡራዩ