ያልታዘዘው የሽንት ምርመራ

ጋሼ ዶክተር እያልን የምንጠራቸው አጎታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። በአምስት ዓመት የምታንሳቸው አንዲት እህት ነበረቻቸው። እናታቸው ስፌት ላይ ሲውሉ ሕፃኗን አዝለው የሚያባብሉት እሳቸው ነበሩ።

ትምህርታቸውን በየደረጃው አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. በጠቅላላ ሐኪምነት ተመረቁ። በ1970 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው የሁለት ወንዶችና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ሆኑ። አርባ ዓመት በአንድ ጤና ጣቢያ፣ መስኮቷ አልከፈት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። ቀልደኛ ነበሩ፤ መርፌ የሚፈራ ጎረምሳ ሲገጥማቸው "አይዞህ፣ እኔም እፈራለሁ" ይሉት ነበር።

እህታቸው የደም ግፊት ታካሚያቸው ነበረች። ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ሦስት ጊዜ አዘዙላት። በ1990 ዓ.ም. 0.9፣ በ1992 ዓ.ም. 1.1፣ በ1994 ዓ.ም. 1.3 መጣ። ላብራቶሪው ሦስቱንም ጊዜ ከጤነኛው ልክ አላለፈም ብሎ ጻፈ፤ እሳቸውም እያንዳንዱን ወረቀት ለብቻው እያነበቡ "ኩላሊትሽ ከእኔ ይሻላል" አሏት። ጎን ለጎን አድርገው ቢያዩዋቸው ኖሮ ቁጥሩ ሽቅብ እየወጣ፣ ኩላሊቷም እየደከመ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን እንኳ ባላስፈለገ ነበር። ለሌላው ታካሚ የሚያዙትን የሽንት ምርመራ ደግሞ ለእሷ አንድም ቀን አላዘዙም። ታናሽ እህታቸውን ሽንትሽን አምጪ ማለት አሳፍሯቸው ነበር። ይህን ራሳቸው በሰው ፊት ተናግረውታል።

በ1996 ዓ.ም. ፊቷ አብጦ፣ እያስመለሳት ስትመጣ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው ነበር። እጥበቱ አራት ወር ብቻ አቆያት።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ዶክተር ሌላ ሰው ሆኑ። ግፊት ወይም ስኳር ያለበትን ሁሉ፣ ሽማግሌ አይሉ ወይዘሮ፣ የሽንት ዕቃውን በገዛ እጃቸው ያስይዙት ጀመር። የቆየው ካርድ ካልመጣላቸው አዲሱን ውጤት አያነቡም። በዚህ የተነሳ የስንቱ ሕመም ሳይብስበት ተደርሶበታል! ሰው ሲያመሰግናቸው ግን ሆድ ይብሳቸው ነበር። ሦስቱ ወረቀቶች ከጋዎናቸው ኪስ አይጠፉም፤ ጋዎን ሲቀየር አብረው ይዛወራሉ። ተረኛ ሲጠሩ አንዳንዴ የእህታቸው የቁልምጫ ስም ከአፋቸው ያመልጣል። ስሙን ጠርተው በሩን እያዩ ይቀመጡ እንደነበር አብራቸው የሠራችው ነርስ ትናገራለች።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። በመጨረሻው ሳምንት የእህታቸውን ልጅ አስጠርተው "ጥፋቴን ሳትደብቂ ጽፈሽ ቀብሬ ላይ አንብቢልኝ። እናትሽን ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር" አሏት። እሺ አለቻቸው።

ይህን የጻፈችው እሷ ናት። በ1994 ዓ.ም. እናቷ የኩላሊት ሕመም ምልክት የሆነውን የሽንቷን አረፋ መብዛት ነግራት፣ "ለአጎትሽ እንዳትነግሪ፣ አፍራለሁ" ብላት ነበር። ልጅቷም አልነገረችም። ከዚያ በኋላ ልትነግራቸው ስንት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። አጎቷ ጥፋቱን ሁሉ ብቻቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ይቅርታ ሳትጠይቃቸው የቀረችውን የእህታቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከእህታቸው አጠገብ ያሳርፍልን፤ እዚያስ ሳይተፋፈሩ ይነጋገሩ።