አቶ ጢሞቴዎስ ገለታ እና ያልታጠበው ቱቦ

አቶ ጢሞቴዎስ ገለታ ከአባታቸው ከአቶ ገለታ ደበሌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሳለች ወርዶፋ በጥር ወር 1951 ዓ.ም. ሸጎሌ ተወለዱ። ዊንጌት አካባቢ እስከ አስረኛ ክፍል ተምረው አባታቸው ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ጋራዥ ገቡ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ አፀደ ጋር ትዳር መሥርተው ኖህንና ርሆቦትን ወለዱ።

ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ቀጨኔ በከፈቱት ጋራዥ የመኪና ኤሲ ሲጠግኑ ኖረዋል። ሌላው ቸኩሎ ጋዝ ሲሞላ እርሳቸው ሞተሩን አስነስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ተበልቶ ከሆነ በድምፁ ይለዩታል። አዲስ ከመግጠማቸው በፊት ቱቦውን በሙሉ ያጥባሉ፤ አሮጌው የተፋው የብረት ብናኝ ውስጥ ከቀረ አዲሱንም ይበላዋልና። በመጨረሻም የወለቀውን ዕቃ ለባለመኪናው አስረክበው የተበላሸበትን ምክንያት ይነግሩታል። ጥፋቱ የራሳቸው በሆነ ጊዜም አይደብቁም፤ ደንበኛ ተቆጥቶ ቢሄድም ይሂድ ይሉ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ሐኪም ከአቧራና ከጭስ እንዲጠበቁ አጥብቆ አዘዘ። መስኮት ዘግታ፣ ኤሲ ከፍታ ሆስፒታል የምታመላልሳቸው ሙያውን ያስተማሯት ልጃቸው ርሆቦት ነበረች። ዘንድሮ ሚያዝያ 27 ቀን የመኪናዋ ድምፅ ተለወጠ፤ ከኋላ ወንበር ሆነው ኮምፕሬሰሩ ማለቁን ነገሯት። በማግስቱ ቀጠሮ ስለነበራቸው ርሆቦት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አዲስ ገጠመች። ቱቦውን ግን አላጠበችም። በቃ ቸኮለች።

ግንቦት 6 ቀን ትንፋሽ አጥሯቸው ስትወስዳቸው መንገዱ ተቆፍሮ መኪናው ሁሉ ቆሟል። አዲሱ ኮምፕሬሰር ጮኾ ቀጥ አለ። ሙቀቱን አልቻሉትም፤ መስኮት ተከፈተ፣ አቧራው ገባ። በሳል መሀል፣ "ቱቦውን አላጠብሽውም አይደል፣ ልጄ?" አሏት። ርሆቦት ጥሩምባውን ደጋግማ ነፋች። ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው አረፉ።

ይህን የጻፍኩት እኔ ርሆቦት ነኝ። ቤተሰቡ "ባደረባቸው ሕመም" ብለሽ እለፊው ብሎኝ ነበር። ሐኪሙም ሳንባቸው ቀድሞ ተዳክሞ እንደነበር ነግሮኛል፤ አላጽናናኝም፣ የሚያጽናናኝም አይመስለኝም። አባቴ ምክንያቱን ሳይናገሩ መኪና አስረክበው አያውቁም። እኔም ዛሬ እርሳቸውን ለአፈር ሳስረክብ ደብቄ አላልፍም።

አቶ ጢሞቴዎስ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን አቧራ በማይደርስበት ያሳርፍልን።

አዎ አባዬ፣ አላጠብኩትም።