«መቶ በመቶ» ለሚለው ሪፖርት ያልፈረሙት የወ/ሮ ሸዋረጋ ቀለሙ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሸዋረጋ ቀለሙ ከአባታቸው ከአቶ ቀለሙ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘውዲቱ እንድሪስ በጥር 1948 ዓ.ም. በደሴ ዙሪያ ተወለዱ። ትምህርታቸውን ደሴ አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. ኮምቦልቻ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. ከመምህር ወንድምአገኘሁ ፈንታሁን ጋር ጋብቻ መሥርተው አቤንና ትህትናን ወልደዋል።

በ2001 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲገባ ከማንም ቀድመው የተማሩት እርሳቸው ነበሩ። ለውጡን አልጠሉም፤ የተጸየፉት ውሸቱን ነው። ለውጡ የሚለካው ወደ ኮምፒውተር በገባው የቤትና የቦታ ፋይል ብዛት ነበርና፣ በሰኔ 2003 ዓ.ም. «መቶ በመቶ ገብቷል» የሚል ሪፖርት እንዲፈርሙ ቀረበላቸው። እርሳቸው ግን ቆጥረው ነበር። ከዘጠኝ ሺህ ፋይል የገባው አንድ ሺህ አይሞላም፤ የብዙዎቹም ሽፋናቸው ብቻ ነው።

በግምገማው ላይ ተነሥተው፣ «ያልገባውን ገባ ብዬ አልፈርምም። ባለጉዳይ ነገ ማስረጃዬን ሲለኝ መቶኛውን ልስጠው?» አሉ።

«የለውጥ እንቅፋት» ተብለው ከኮምቦልቻ ወደ ቢስቲማ ከተማ ተዛወሩ። መሥሪያ ቤቱ ዋንጫ ተሸለመ። የወረቀት ፋይሉ ሁሉ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ተጣለ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ይህን የምጽፈው ዛሬም እየተጸየፍሁት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ባላቸው የሞቱባቸው ወ/ሮ መዲና ሱሌማን በቤታቸው ይዞታ ተከሰው ከመሥሪያ ቤቱ ፋይላቸውን ቢጠይቁ፣ «ሲስተሙ ላይ ከሌለ የለም» ተባሉ። እኅቴ ይህን ሲሰሙ የዓመት ፈቃዳቸውን ወሰዱ፤ የመጋዘኑን ዘበኛ ለምነው አስከፈቱ። ሁለቱ ሴቶች በሻጋታና በአይጥ ኩስ መካከል ዐሥራ አንድ ቀን ፈለጉ። ፋይሉ ሲገኝ ወ/ሮ መዲና «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እዚያው አቧራው ላይ ሱጁድ ወረዱ። ቤታቸውም ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ በ2008 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፈቃዳቸው ሁሉ ያለቀው በዚያ መጋዘን ነው። የሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው ማስረጃ አድነዋል። ይህ በአንድም ሪፖርት አልሰፈረም።

በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው።

ትናንት መሥሪያ ቤቱ «የለውጡ ግንባር ቀደም» የሚላቸውን የሐዘን መግለጫ እዚህ እንድናነብ ልኮልናል። ስማቸውን እንኳ ተሳስቶ ጽፎታል። አናነበውም። አስከሬናቸውን ግን የወ/ሮ መዲና ልጆች ከእኛ ጋር ተሸክመው መጥተዋል።

ለሐሰት ያልፈረመች ነፍሳቸውን አምላክ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን።